ማተብና ሚዛን

ሐይቅ፣ ኅዳር 10

ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ከተጠፋፋን ሦስት ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደብዳቤህን በጊዜው ሳልመልስ ቀርቼ፣ ከዚያ ማፈሩ ደግሞ ሌላ ዝምታ ወለደ። ኮምቦልቻ ላይ የእህልና የቅመም ሱቅ መክፈትህን ሲነግሩኝ በዚያ ደብዳቤህ የጠየቅኸኝ ትዝ አለኝ፦ «ደንበኛዬ አብዛኛው ሙስሊም ቢሆን፣ ክርስትናዬን ልግለጥ ወይስ ዝም ብዬ ልነግድ?»

ግለጥ እንጂ! ግን ግድግዳ ላይ ሥዕል በመስቀል አትጀምር። የወሎ ሰው የጎረቤቱን ሥርዓት እንደራሱ ያውቃል። ረቡዕ ቅቤ ያለበት ወጥ ስትበላ ካየህ ከዘመዶችህ ቀድሞ ይታዘብሃል። «ማተብ የለውም» የሚባለውም የካደ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሚያጥፍ፣ ባልንጀራውን የሚሸጥም ነው። ስለዚህ አንገትህ ላይ ያለውን ክር ሰው የሚያነብበው ሚዛንህ ላይ ነው።

ሚዛኑን ጠዋት ሱቅ ከመክፈትህ በፊት ፈትሸው። በሳህኑ ላይ የተጋገረ የስኳርና የበርበሬ ብናኝ ካለ ጥረገው፤ መቆሚያው የተስተካከለ መሆኑን እይ፤ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋግጥ። መመዘኛ ብረት ከሌለህ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ መዝን፤ ከዚያ ልክ አንድ ሊትር ውሃ ሞልተህ ድገመው። ልዩነቱ አንድ ኪሎ መሆን አለበት። በጆንያ የመጣ እህል ስትሸጥ የጆንያውን ክብደት ቀንስ፤ ወፍራም ጆንያ ብቻውን አንድ ኪሎ ገደማ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ከእህሉ ጋር መሸጥ ስርቆት ነው። ጣሳ የምትጠቀም ከሆነ ቂጡ የገባውን ጣለው። ክብደት ይጨምራል ብለው በርበሬ ላይ ውሃ የሚያርከፈክፉ አሉ፤ ከጆንያው መሐል ሻግቶ ሲወጣ ስሙ የሚጠፋው የነጋዴው ብቻ አይደለም፣ የማተቡም ነው።

ከሚዛኑ የሚብሰው መሐላ ነው። «ማርያምን፣ የገዛሁበት ዋጋ ነው!» የሚለውን ከአፍህ አውጣው። ደንበኛው ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ዋጋውን ጠይቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። «አትርፌበታለሁ፣ ከዚህ አልወርድም» ካልኸው አይቀየምህም፤ ሐሰትህን በእመቤታችን ስም ስታሽገው ግን ዋጋውን ብቻ አይደለም የዋሸኸው።

ሥዕሉን ስቀል፣ ማንም አይከፋውም። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ከዕዳ ደብተሩ ጎን ሳይሆን ለብቻው፣ ንጹሕ ቦታ ላይ ይሁን። ዓመቱ ያለፈበትን የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካላንደር ደግሞ አደራ የበርበሬ መጠቅለያ እንዳታደርገው፤ ይህ ስንቱ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ብታውቅ! መዝሙር ከወደድህ በዝግታ ለራስህ ክፈት። በር ላይ ስፒከር አስቀምጦ መንገደኛውን ማደንቆር ምስክርነት አይመስለኝም።

የነቢያት ጾም ከአምስት ቀን በኋላ ይገባል። ምሳ ሲቀርብ «ሆዴን አሞኛል» እያልክ አትሸሽግ፤ «ጾም ነኝ» በለውና ጨርስ፣ ሙስሊም ጎረቤትህ ከሁሉም ይልቅ ይህን ያከብራል። ምግብ ቤት ስትገባ ቅቤ የነካ ማማሰያ መኖሩን ጠይቅ እንጂ ፊትህን አታጥቁር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ቁጣ የሚመጣው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ የዱቤ ሒሳብና ክርክር ያለበትን ጉዳይ ሁሉ ጠዋት ላይ ጨርሰው። ጾሞ ደንበኛ የሚሳደብ ነጋዴ ባይጾም ይሻለው ነበር ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ለገና ጎረቤቶችህን መጥራትህ አይቀርም። ለሙስሊሞቹ በጉ ለብቻው ይሁን፤ የሚያርደውም ከነሱ ሰው፣ ቢላዋውም የነሱ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ከእርዱ በኋላ ነው። ሥጋው በአንድ መክተፊያ ይከተፋል፣ አንዷ ማማሰያ ከድስት ድስት ትዞራለች፣ ወይም «ታጥቧል እኮ» ይባላል። ድስቱን፣ ማማሰያውን፣ ጭልፋውን፣ ሳህኑን ከጎረቤትህ ቤት ተዋስ፤ ምድጃውን ለይ፤ የሚሠሩትም የራሳቸው ሴቶች ይሁኑ። ጠላና ጠጅ ወዳሉበት ማዕድ አታስቀምጣቸው፣ የማያሰክሩትን ቃሪቦና ብርዝ አዘጋጅላቸው። እነሱም ለኢድ ሲጠሩህ ለክርስቲያኑ ለብቻ አሳርደው ነው፤ ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ወጥ ይሠሩልሃል። እዚያ ስትቀመጥ አማትበህ ብላ፤ እጅህን ከጠረጴዛ በታች አትደብቅ። ጫት ቢዘረጋ «አልቅምም» በል፣ ቡናውን ግን በረካው ሳይደርስ አትነሣ።

የቅሬ (የእድር) መዋጮህን አታሳልፍ። ሞት በሰማህ ጊዜ ብር ከመላክ ድንኳን መትከል ይበልጣል። የሙስሊም ቀብር አይውልም አያድርም፤ ሱቁን ዘግተህ ሂድ።

ሲጠይቁህ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ። «ለምን ረቡዕ ትጾማለህ?» ካሉህ፦ ጌታ ሊያዝ የተመከረበት ቀን ስለሆነ፣ ዓርብ ደግሞ የተሰቀለበት። ካላወቅኸው «ንስሐ አባቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በል፣ ሳምንት ሳይሞላም መልሱን ይዘህ ሂድ። በነሱ ሃይማኖት ላይ አስተያየት አትስጥ። እኛ አገር ይህ ከሌላው ይልቅ የሚሰማበት ምክንያት አለ፦ ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ካደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዝዞ ነበር፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የተጠመቁት ያኔ ነው። አዋጁ ከወረደበት ቤት የተወለደ ሰው ነው ፊትህ ቆሞ ስኳር የሚገዛው። ስትገፋው የሚሰማው ያንተ ድምፅ ብቻ አይደለም።

በግ እዚያ ከተወደደ ጻፍልኝ፤ ከሐይቅ ገበያ ሁለቱንም፣ የናንተንም የነሱንም፣ ገዝቼ እልክልሃለሁ። ዝምታዬንም ይቅር በለኝ።

ወዳጅህ