የጓያ ጥናት ከወሎ ተነሥቶ ወሎ ጓዳ አልደረሰም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብዙና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ስለሚያደርገው ጥራጥሬ፣ ስለ ጓያ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሚሰማው የሳይንስ ዜና ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ የጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሽባ የሚያደርገው ንጥረ ነገር በተክሉ ውስጥ እንዴት እንደሚመረት ገለጡ። የመጨረሻውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች እርስ በርስ ተያይዘው መሆኑንም አሳዩ። ይህ ከታወቀ ሥራውን የሚያዳክም ዘር መፈለግና ማዳቀል ይቀላል። ዜናው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ነገር ግን ደላንታ፣ ዳውንት ወይም ዋድላ ላይ ጓያ የዘራ ገበሬ ዘንድሮ የሚበላው ያንኑ የአያቱን ዘር ነው። ለእሱ የሚሆን ጥናት ደግሞ አለ፤ የተሠራውም በዚያው በወሎ፣ በእነዚያው ሰዎች ላይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ይህኛው እንዲጻፍ፣ ደግሞም ተደጋግሞ እንዲጻፍ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ በያኔው ደላንታ ዳውንት ወረዳ ድርቅን ተከትሎ ከ2000 በላይ ሰዎች በጓያ በሽታ ተያዙ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ የቤልጂጉ ፈርናንድ ላምባይንና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን አጠኑት። ውጤቱ በላንሴትና በሌሎች የሕክምና መጽሔቶች ታተመ። የታመሙትንና ያልታመሙትን ቤተሰቦች ጎን ለጎን አድርገው «ጓያውን እንዴት አድርጋችሁ በላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ማንኛዋም እናት የምትረዳው ነው። በንፍሮ፣ በተቆላ ቆሎና በጥሬ እሸት የበሉት ላይ አደጋው ከፍ አለ። በእርሾ በተጋገረ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ የበሉት ላይ ግን አልጨመረም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከገባበት ወጥ ጋር የበሉት ላይ አደጋው ወደ ሩብ ያህል ወረደ። ጓያው ከእህል ጋር ሲቀላቀል፣ የእህሉም ድርሻ ከሲሶ ሲያልፍ፣ አደጋው እንደገና ቀነሰ። ከታመሙት መካከል ወንዶች፣ በተለይም ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በዝተው ተገኝተዋል።

ይህ ለምን ሆነ? መርዙ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ በህንድ ሊቃውንት ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አሚኖ አሲድ ነው፤ ቅርጹ ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ይመስላል። እግርን የሚያዙት የእንቅስቃሴ ነርቮች ግሉታሜት የመጣ መስሏቸው ያለ እረፍት ይነሣሣሉ፣ በዚያው ይጎዳሉ። የጓያ ፕሮቲን ደግሞ ብዙ ሆኖ ሳለ ሜታዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ሰውነት ነርቮቹን ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የሚሠራው ከእነዚሁ ነው። ስለዚህ ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን ያስገባል፣ መከላከያውን ግን አያገኝም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ የሚጎድለውን ይሞላሉ። እህል መቀላቀል ከጣዕም በላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ እሳት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ «ከተቀቀለ ምን ይሆናል?» ይባላል። ቤታ-ኦዳፕ ሲፈላ ከፊሉ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ አልፋ ዓይነት ይለወጣል፤ ለውጡ ግን ግማሽ ሳይሞላ ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ማገዶ መጨመር ብዙ አይፈይድም። እውነተኛው መፍትሔ ውሃ ነው፤ መርዙ በውሃ በቀላሉ ይሟሟልና። እዚህ ላይ የንፍሮው ችግር ግልጽ ይሆናል። ንፍሮ የሚቀቀለው ውሃው እስኪመጥ ድረስ ነው፤ ውሃው ውስጥ የወጣው መርዝ ተመልሶ እህሉ ውስጥ ይገባል። ቆሎው ደግሞ ውሃ ጨርሶ አላየም።

እንግዲህ የአሠራሩን ነገር በዝርዝር እንናገር።

ጓያው ይለቀም፣ ከዚያ ይከካ። ልጣጩ ውሃ ስለሚያግድ ሙሉ ፍሬ ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ቢያድር እንኳ የሚለቀው ከክኩ ያነሰ ነው። ለአንድ ጣሳ ክክ አሥር ጣሳ ውሃ አፍልቶ፣ ከእሳት አውርዶ፣ ክኩን ከትቶ መክደን ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይደፋ፤ ክኩ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በዚህ መንገድ በብዙ ሙቅ ውሃ የተዘፈዘፈ የጓያ ክክ መርዙን ከ70 እስከ 80 በመቶ እንደሚለቅ በህንድ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለተኛ ጊዜ ቢደገም የተረፈውም ይቀንሳል። ማገዶ ለቸገረው በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሮ፣ ውሃውን ማታ፣ ሌሊትና ጠዋት መለወጥ ይሻላል፤ ከሙቁ ቢያንስም ጨርሶ ካለመዘፍዘፍ በብዙ ይበልጣል። የተደፋው ውሃ ለወጥ አይሆንም፣ ለከብትም አይሰጥ። በተለይ ፈረስ ለዚህ መርዝ እንደ ሰው ተጋላጭ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ለሽሮ የሚሆነው ክክ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ወይም በከረጢት ታስሮ ይቀመጥና ይሻግታል። ያን ጊዜ አንዱን መርዝ አስወግደን ሌላውን፣ የሻጋታውን፣ አስገባን ማለት ነው። ስስ አድርጎ በሰሌን ላይ ማስጣት፣ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» እስኪል ማድረቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስሕተት ውሃ ማሳነስ ነው። ክኩን እስኪሸፍነው ብቻ የሚጨመር ውሃ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ አያወጣም። መዘፍዘፍ ቢ-ቫይታሚኖችንም አብሮ ስለሚያጥብ ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል ከማዕዱ አይጉደል።

አሥር ጣሳ ውሃ ስንል ከሸለቆ በጀርባ የምትቀዳ እናት ምን እንደምትል እናውቃለን። ለዚህ ነው ቅልቅሉን ከመዘፍዘፉም በላይ የምናስቀድመው፤ ቅልቅል ውሃ አይጠይቅም። ጥናቱ ከሲሶ በላይ እህል ይላል፤ እኛ ቢቻል ግማሽ ይሁን እንላለን፤ ምክንያቱም በስፍር የተለካው ሲሶ ዱቄት ሲሆን ብዙ ጊዜ ያንሳል። ለእንጀራ ደግሞ ሦስት እጅ ጤፍ፣ ማሽላ ወይም ገብስ፣ አንድ እጅ ጓያ ተደርጎ፣ ሊጡ በደንብ ኮምጥጦ፣ ከላይ የሚጠልለው ውሃ ሳይቆጠብ ቢደፋ ከሁሉ የተሻለ ነው። የቤቱ እህል ሲያልቅ ቀድሞ የሚቀረው ጓያው ስለሆነ፣ ቅልቅሉ ከመከር ቀን ጀምሮ ይሁን። እህሉን አስቀድሞ ጨርሶ ጓያውን ለክረምት ማቆየት ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጓያ ብቻ መብላት ነው። በሽታው የሚመጣውም ጓያ የዕለቱ ምግብ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለሁለትና ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ቅልቅል አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። አልፎ አልፎ በሽሮ ውስጥ የምትገኝ ጓያ የምትሰብር አይደለችም፤ ከተሜው በከንቱ አይደንግጥ። ነጋዴው ግን በሽምብራ ሽሮ ውስጥ ጓያ ከቀላቀለ ገዢው እንዲያውቅ ማድረግ አለበት።

ልጆቹን ለይተን መናገር አለብን። እሸቱ ለጋ ሲሆን የመርዙ መጠን ከፍ ያለ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ማሳ ዳር ውሎ፣ እየፈለፈለ ጥሬውን ይበላል፤ ኪሱ ውስጥም የጓያ ቆሎ ይዟል። ከሦስቱ አደገኛ አበላሎች ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። እረኛ የሚልክ ቤት ከቆሎው ውስጥ ጓያውን አውጥቶ ገብስና ስንዴ ቢያስይዘው፣ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሚያድነው ጋር አይወዳደርም።

ሌላም ነገር ጥናቱ አግኝቷል፤ ጓያ በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶች ላይ አደጋው ከፍ ያለ ነበር። በሸክላ ብቻ የሚያበስል ቤት አብዛኛውን ጊዜ ድሃውም ቤት ስለሆነ፣ ይህን ይዞ ሸክላ መስበር አይገባም። ድስቱን ከመለወጥ በፊት ውሃውን መድፋት ይቅደም።

ወደ ማሳው ስንሄድ፣ ድርቅ ራሱ መርዙን ይጨምራል፤ ዚንክ ያነሰው አፈርም እንደዚሁ። ይህ የአየር ለውጡን ነገር ለወሎ ከባድ ያደርገዋል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት መረሬ መሬት ላይ በተረፈ እርጥበት የሚበቅለው ጓያ ብቻ ይሆናል፤ ያው ዓመት ጓያው መርዙ የሚበረታበት፣ ቤቱም ሌላ እህል የሚያጣበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የሚመጣ የእርዳታ እህል ከሁሉ በፊት ጓያ ወደሚዘሩ ቀበሌዎች መድረስ አለበት፤ ሰው ሽባ ከሆነ በኋላ የሚደርስ ስንዴ ነርቭ አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ዋሴ» የተባለው ዝርያ መርዙ 0.08 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ባለሙያዎች እንደ ወሰን የሚይዙት 0.2 በመቶ ስለሆነ ጥሩ ዘር ነው። ነገር ግን የጓያ አበባ ንብ ይጎበኘዋል። ጓያ በአብዛኛው ራሱን ቢያዳቅልም፣ ከጎረቤት ማሳ ጋር የሚዳቀለው እስከ ሩብ የሚደርስበት ሁኔታ ተለክቷል። ዋሴን ከአገሬው ዘር ጎን የዘራ ገበሬ ከጥቂት ወቅት በኋላ ስሙ ዋሴ የሆነ፣ መርዙ ግን የቀድሞው የሆነ እህል ይሰበስባል። አንድ ጎጥ ባንድነት ካልዘራው፣ ዘሩም በየጊዜው ካልታደሰ ድካሙ ከንቱ ነው። በስሙ ተማምኖ ንፍሮ መብላት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

ለዚህም መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የተፈጨው ጓያ በ60 በመቶ ኤታኖል ይጨመቃል፤ ጭማቂው ጥንካሬው ሦስት ኖርማል ከሆነ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፈላ ውሃ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ኦርቶ-ፍታልአልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲጨመርበት ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ በ420 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለም መጠን መለኪያ መሣሪያ) ይነበባል። ሳይቀቀል የቀረ ናሙና ጎን ለጎን ካልተነበበ ግን ከሌላ ነገር የመጣውን ቀለም እንደ መርዝ መቁጠር ይመጣል። ዘዴው ቤታውንና አልፋውን አይለይም፤ ስለዚህ ለጥሬ ዘር እንጂ ለበሰለ ምግብ አይታመንበት። ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው የወሎ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ለተማሪዎቹ የምርቃት ሥራ ይህን ቢሰጥ፣ የየወረዳው ዘር በሁለት ዓመት ውስጥ ይታወቃል።

ምልክቱን ሁሉም ሰው ይወቅ። ባት ይሸመቅቃል፣ እግር ይከብዳል፣ ሲሮጡ መውደቅ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከከባድ ሥራ በኋላ ድንገት ይታያል። ከዚያ ሰውየው በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፣ ጉልበቱና ጉልበቱ እየተጋጨ ይሄዳል። የእግር ስሜቱም አእምሮውም ደህና ነው። በዚያው ዕለት ጓያ ማቆም ግድ ነው፤ የተጎዳው አይመለስም፣ መባባሱ ግን ሊቆም ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ፤ የአከርካሪ ነቀርሳ እግርን በተመሳሳይ መንገድ ይይዛልና፣ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው። ጓያ የሚበላ ሰው ሁሉ የጓያ በሽታ አለበት ብሎ መመለስ የሚድን ሰው ማጣት ነው።

ጋዜጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኅዳር እሸቱ ሳይደርስና በግንቦት ጎተራው ሳይሳሳ፣ ንፍሮ፣ ቆሎና እሸት የሚከለክሉትን፣ ውሃ መድፋትንና ግማሽ እህልን የሚያዝዙትን ጥቂት መስመሮች በጉልህ ፊደል ቢያትም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች ቆርጠው በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ጽሑፉን በነጻ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን።

የሥነ ምግብ፣ የሰብልና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች
ደሴ