ቲቸርን አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ

እናንተ «ቲቸር» ትሉታላችሁ። የቁምስናችን፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን፣ ሰዎች «ጋሼ» ይሉታል። እኛ ቤት አባዬ ነው። ባለፈው እሁድ አርባውን አወጣን። እንግዳው ሄዶ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ የስንቱ ሰው ውለታ እንዳለብን ገና ያኔ ገባኝ። በየደጃችሁ እየዞርን ማመስገን ነበረብን። ግን ብዙ ናችሁ። እማዬና ወንድሜ «አንቺ ጻፊው» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ።

ሕመሙ የታወቀው በዐቢይ ጾም ነው። አርብ አርብ ፍኖተ መስቀልን፣ የክርስቶስን ሕማማት በ14 ምዕራፍ እየዞርን የምንጸልየውን ጸሎት፣ የሚመራው እሱ ነበር። አንድ አርብ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ተንበርክኮ መነሳት አቃተው። ሁለት ወጣቶች በግራና በቀኝ ብድግ አደረጉት። «ቤት እንውሰድዎት» ቢሉት እምቢ አለ። ስለዚህ እስከ 14ኛው ድረስ ደግፈው አዞሩት። እናንተ ልጆች፣ ስማችሁን እዚህ አልጠራም። እማዬ ግን መቁጠሪያዋን ይዛ ማታ ማታ ትጠራችኋለች።

ሐረር ያዩት ሐኪሞች ሳይውሉ ሳያድሩ ሪፈር ጻፉልን። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና አይችለውም ተባለ። ድሬዳዋ ኤርፖርት ድረስ ያደረሰን ጎረቤታችን የነዳጅ እንኳ አልቀበልም አለ። የደንገጎን ቁልቁለት እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የወረደው። ከኋላ የሚያጮኸውን ሁሉ በእጁ ምልክት እየሰጠ ያሳልፋል፣ ዞር ብሎ አባዬን ያያል፣ ደግሞ ይነዳል። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ወንድሜ።

ደም ያስፈልጋል ሲባል አንድ የድሮ ተማሪው ጋ ብቻ ነው የደወልኩት። በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ሞላ። ሥራ የያዙ፣ የወለዱ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ያሉ። ነርሷ ግራ ገብቷት «ሁላችሁም ልጆቹ ናችሁ?» አለች። አንዱ ኮስተር ብሎ «ተከራካሪዎቹ ነን» አላት። ይህን ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ክርክር ክበቡን ለማታውቁት ትንሽ ላውራ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሰዓቱን ከእጁ ይፈታና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ሰዓት ነው። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። መልስ ከመስጠትህ በፊት ባላጋራህ ያለውን በራስህ ቃል አሳምረህ ትደግማለህ። እሱ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ያንተ ሦስት ደቂቃ አይጀምርም። አንዳንዴ ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኛ እንቁነጠነጣለን፣ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የእኔ ዓመት ርዕስ «የሐረማያን ሐይቅ ማን አደረቀው?» የሚል ነበር። አባዬ ክርክሩን የከፈተው በ1907 ዓ.ም ሐይቁ ላይ በተገለበጠችው ጀልባ ነው። የልጅ ተፈሪ አስተማሪ የነበሩት አባ ሳሙኤል የሰጠሙት ያኔ ነው። «ሰው የሚያሰጥም ውሃ ነበር» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ቡድን አከፋፈለን። የገበሬ ልጅ የነበረውን ጓደኛችንን ለጫትና ለአትክልት ውሃውን በሞተር በሚስቡት ላይ እንዲከራከር አደረገው። በጀሪካን ውሃ ስቀዳ ያደግሁትን እኔን ደግሞ ለሐረር ከተማ ይሳብ የነበረውን ውሃ እንድከስ መደበኝ። ሁለታችንም አኮረፍን። ግን የዚያን ልጅ ሐሳብ ለመድገም ስሞክር፣ አራት ጊዜ «አይ፣ እሱን አላልኩም» አለኝ። በአምስተኛው «አዎ» ሲል፣ ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ ሐይቁን ስለሚሞላው ደለል አንዳችንም እንዳላነሳን ገባኝ። ያ ልጅ ደም ሊሰጥ ኮሪደሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ነው።

«ልጆቻችንን ምላሰኛ ታደርግብናለህ» ያሉት የቁምስናችን ሰዎችም ነበሩ። አባዬ አይቆጣም። ከ1587 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተክርስቲያናችን አንድን ሰው ቅዱስ ከማለቷ በፊት የሚቃወም ተከራካሪ ትመድብ እንደነበር ይነግራቸዋል። «የዲያብሎስ ጠበቃ» ይሉታል። ሥርዓቱ የተለወጠው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። «ቤተክርስቲያን ለቅዱሳን እንኳ ተቃዋሚ ካቆመች እኔ ለተማሪ ባቆም ምን አለበት?» ይል ነበር። ክበቡ ውስጥ ግን ሃይማኖትን ርዕስ አድርጎ አያውቅም። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የራሱን እምነት ያወቁት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቤተክርስቲያኑን ከፍቶ ሲጠርግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ስኳርና ሳሙና በዘንቢል ይዞ የታመመ ሲጠይቅ በማየት ነው።

ካህናቶቻችን፣ ሲስተሮቻችን፣ በየማታው ቤታችን እየመጣችሁ ያዘመራችሁ መዘምራን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የዕድራችን ሰዎች፣ መቃብሩን ጎህ ሳይቀድ የቆፈራችሁ፣ ነፍስ ይማር ብላችሁ ከሩቅ አገር የደወላችሁ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። መኪና ግርግር ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊያችን የእማዬን ከል ሌሊቱን ሰፍተው ጠዋት በር ላይ አድርሰዋል፤ ሂሳብ ስንል ተቆጡን። የጀጎል እናቶች ከአፎቻችሁ፣ ከሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበራችሁ፣ ጋር መጥታችሁ ቁጢውን፣ የቡና ቅጠሉን ሻይ፣ በፔርሙስ ሞልታችሁ እስከ ሦስት ቀን ከእማዬ አጠገብ አልተነሳችሁም። አንዳችሁ እጇን ይዛ ምንም ሳትናገር ነበር የዋለችው። እማዬ እስካሁን የምታወራው ስለዚያች እጅ ነው።

የረሳሁት ሰው ካለ ሐዘን ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቤተክርስቲያኑ ቁልፍ አባዬ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሰማያዊ ክር ታስሮበታል። በቀብሩ ማግስት ለቆሞሱ ወስደን ሰጠን። አባም ለወንድሜ መለሱለትና «አንተ ክፈትልን» አሉት። በመጀመሪያው ንጋት ወንድሜ ቢገፋው፣ ቢያዞረው፣ በሩ እምቢ አለ። ደጁ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። የክርክር ክበቡ ተማሪ ነው፤ ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ አባዬን ደጁ ላይ እየጠበቀ አብረው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። በዚያም ቀን እግሩ አምጥቶታል። ጠጋ ብሎ «ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ከዛ አዙረው» አለው። በሩ ተከፈተ። ወንድሜ መጥረጊያውን አነሳ፤ ልጁም ቦርሳውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ጠርጎ እስኪጨርስ ጠበቀው።