በጥር ሸጦ በነሐሴ መግዛት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የዓለም ድህነት መንስኤ ሲዘረዘር ጦርነት፣ ድርቅ፣ ሙስና፣ የሕዝብ ብዛትና የትምህርት እጥረት በተርታ ይጠራሉ። አንዳቸውንም አንክድም። ዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም የማይገባ፣ ዝናቡ በደኅና በጣለበትና ጥይት ባልጮኸበት ዓመት እንኳ ሰው የሚያደኸይ ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ ገበሬው እህሉን መቼ ሸጦ መቼ መልሶ እንደሚገዛው። ሥራችን እህል ማከማቸትና የገጠር ብድር ስለሆነ ሌላውን ለሌሎች ትተን ስለዚሁ እንጽፋለን።

የዓለም ባንክ በ2025 እ.ኤ.አ. የከፋ ድህነት መስመሩን በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ከፍ አድርጎታል። መስመሩ የትም ይሰመር፣ ለአንድ ቤተሰብ ለዓመቱ የሚሰጠው ቁጥር አንድ ነው። የገጠር ቤት ግን በጥርና በነሐሴ አንድ ዓይነት ቤት አይደለም። በጥር ጎተራው ሙሉ ነው፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ ዕዳው ደርሷል። በነሐሴ ጎተራውም ኪሱም ባዶ ነው፣ አረሙ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል።

በቆሎው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ጤፉ እስከ ጥር ድረስ ይወቃል። በዚያው ሰሞን የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕዳ፣ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብር፣ የማኅበር መዋጮ ይሰበሰባል። ገናና ጥምቀት አሉ። ሠርግም ቢሆን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው የሚደገሰው። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ በተመሳሳይ ሳምንታት ጆንያውን ጭኖ ገበያ ከወጣ ዋጋ ባይወርድ ነበር የሚገርመው። ሰባት ወር ቆይቶ ያው ሰው ያንኑ እህል ገዢ ሆኖ ይመጣል።

ኪሳራው በስሌት ይታይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። አንድ ቤተሰብ 12,000 ብር ዕዳ ለመክፈል አራት ኩንታል በቆሎ በጥር በ3,000 ብር ሒሳብ ሸጠ እንበል። በነሐሴ ቀለብ ሲያልቅ ያንኑ አራት ኩንታል በ4,200 ብር ሒሳብ ሲገዛ 16,800 ብር ያወጣል። ልዩነቱ 4,800 ብር ነው፤ በሰባት ወር ውስጥ 40 በመቶ ወለድ እንደ መክፈል ይቆጠራል። ይኸው ቤተሰብ 12,000 ብሩን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለሰባት ወር ቢበደር ወለዱ 1,260 ብር ነበር። ለከረጢትና ለመጋዘን ኪራይ 600 ብር ቢጨመርበት እንኳ 2,940 ብር ይተርፈዋል። ባንክ ቤት በአሥራ ስምንት በመቶ የሚማረር ሰው ገበያ ላይ አርባ በመቶ እየከፈለ መሆኑን የሚነግረው የለም፤ ደረሰኝ አይሰጥበትማ።

ዋናው ጉዳት ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። 16,800 ብሩ ከየት ይመጣል? ቤተሰቡ በሐምሌና በነሐሴ የራሱን ማሳ ትቶ በሌላ ሰው ማሳ በቀን ሥራ ያርማል። የራሱ በቆሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይታረም ይቀራል። በቆሎ ከበቀለ በኋላ በመጀመሪያው ወር ከአረም ጋር ከተሻማ ቆይቶ ቢታረምም ያጣውን አይመልስም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥር ምርቱ ያንሳል፣ ዕዳው ግን አያንስም። ጉልበት የሌለው ቤት ሰብሉን በቁሙ ይሸጣል፣ በግ ያወጣል፣ በመጨረሻም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል። መሬት የሌለው ሰው ደግሞ ዋናውን የሚመልስበት መንገድ የለውም። ማላዊ ውስጥ «ጋንዩ» የሚባለው የቀን ሥራ ይህንኑ ያደርጋል፤ ረኀቡ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ስለሆነ የሌላውን ማሳ የሚያርመው ሰው የራሱን የሚያዘገየው በዝናቡ መካከል ነው።

«ምርታማነት ይጨምር» የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም ለብቻው አይቆምም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በአገራችን እጅግ ጥሩ ነበር። ዋጋው ከመውደቁ የተነሳ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያውን ዕዳ እንኳ አላወጣም፤ በቀጣዩ ዘር ወቅትም ማዳበሪያ ቀነሰ። ወዲያው ዝናቡ ሲጓደል በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ርዳታ ጠባቂ ሆነ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የጠፋው የተመረተውን ተቀብሎ የሚያቆይ ጎተራና ገንዘብ ነበር። ስግብግብ ነጋዴን መርገም በዚህ ጊዜ ይቀላል፤ የወረዳው ነጋዴም ግን እህልን መያዣ አድርጎ የሚያበድረው ባንክ ስለሌለ የገዛውን በሳምንት ውስጥ አዙሮ ለመሸጥ የተገደደ ነው።

ገበሬው ቶሎ የሚሸጥበት ሌላው ምክንያት ነቀዝ ነው። ጤፍ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይገባበትም፤ ያቆዩታል። በቆሎና ማሽላ ግን በተለመደው ጆንያ ያለ መከላከያ ስድስት ወር ከቆዩ ከክብደታቸው አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ቢያጡ አያስገርምም። ነቀዙ የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው፤ ደርቆ ሳይሰበሰብ በቆየ በቆሎ፣ በተለይ ሽፋኑ ጫፉን በደንብ ባልሸፈነው ላይ፣ እንቁላሉን ፍሬው ውስጥ ይጥላል። ጎተራው ቢታጠንም ጠላት አብሮ ገብቷል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነው፤ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ከውስጥ፣ አንድ ተራ ጆንያ ከውጭ። እህሉ ሲታሸግ በውስጡ ያለው ነቀዝ ራሱ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልግም። ሲበላሽ የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ በሚባል ሁኔታ በአጠቃቀም ነው። እህሉ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሳይወርድ ከታሸገ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው ሻጋታም ሊያድግበት ይችላል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ደረቅና ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በእህል ይሙላ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ አንድ ደቂቃ ይናጠውና ሩብ ሰዓት ያስቀምጠው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈም ከ15 በታች ሆነ ማለት እንጂ 13 ደረሰ ማለት አይደለምና አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ አይጎዳውም፤ ግን ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ይሰጣ።

ላስቲኮቹ ከመሞላታቸው በፊት አየር ተነፍቶባቸው ቀዳዳ እንዳላቸው ይፈተሻሉ። እህሉ እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ ከላይ አየር እንዳይቀር ተደርጎ የመጀመሪያው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ታጥፎ እንደገና ይታሰራል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ከዚያ የውጭው። ከረጢቱ በቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት አየር መመለስ ነው፤ ለቀለብ የሚሆነው ከመጀመሪያው በተራ ጆንያ ይለይ። አይጥ ከበሳው ደግሞ ከረጢቱ ተራ ጆንያ ሆኗል። በየሱቁ ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን በተመለከተ አጥብቀን እንናገራለን፦ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ መጠቀም ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። አየር በሚያስወጣ ጆንያ ውስጥም ጋዙ በንኖ ስለሚወጣ ነቀዙን አይጨርስም፤ የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው።

ከረጢት ብቻውን ግን የጥርን ዕዳ አይከፍልም። እህሉ የታሸገበት ገበሬ ጥሬ ገንዘብ ካላገኘ ከረጢቱን ፈትቶ ይሸጣል። በምዕራብ ኬንያ ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ ሙከራ ለበቆሎ ገበሬዎች በመኸር ጊዜ ብድር ሲሰጣቸው እህላቸውን አቆይተው በኋላ ሸጡ፣ ገቢያቸውም ጨመረ። ከጥቅሙ ይልቅ እኛን የሳበን ዝርዝሩ ነው። በጥቅምት የተሰጠው ብድር በጥር ከተሰጠው የተሻለ ሠራ፤ በጥር የትምህርት ቤት ክፍያው እህል ተሸጦ አልቆ ነበርና። ብዙ ሰው ብድር ባገኘበት አካባቢ ደግሞ የዋጋው መውጣትና መውረድ ራሱ ረገበ፤ ያልተበደረውም ተጠቀመ፣ የተበዳሪው ትርፍ ግን ቀነሰ። ይህ ማለት የማቆየት ትርፍ ለዘላለም አይዘልቅም ማለት ነው፤ የሚዘልቀው የተረጋጋ ዋጋ ነው።

ኒጀር ውስጥ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው አሠራር ከዚህ ይቀላል። የገበሬዎች ማኅበር እህሉን በአንድ መጋዘን ያስገባል። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ማኅበሩ ዘንድ፣ ሌላው አበዳሪው ዘንድ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። አበዳሪው በዕለቱ ዋጋ የእህሉን ከ70 እስከ 80 በመቶ ያበድራል። ቀሪው ዋጋ ባይጨምር ወይም ቢወርድ መጠባበቂያ ነው። ይህ መጠባበቂያ የግድ ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ለምሳሌ ስንዴ ከውጭ በብዛት በገባበት ወይም በልጉ በሰመረበት ዓመት ዋጋው በክረምት ላይወጣ ይችላልና፣ መቶ በመቶ ያበደረ ተቋም በዚያ ዓመት ይከስራል። የኒጀሩ ገበሬ በብድሩ በግ ያደልባል፣ አትክልት ያለማል፣ በክረምት እህሉን ያስወጣል።

እዚህ አገር ሕግ የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቆሎ ያገበያይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራው በአብዛኛው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። አምስት ኩንታል ያለው ገበሬ ከከተማ መጋዘን ጋር ለብቻው ሊገናኝ አይችልም፤ መጓጓዣው ብቻ ልዩነቱን ይበላዋል። መጋዘኑ ቀበሌ ውስጥ፣ ደረሰኙ በመሠረታዊ ማኅበሩ ስም፣ የእያንዳንዱ አባል ድርሻ በመዝገብ መሆን አለበት። የማዳበሪያ ብድር መክፈያም እህሉን መጋዘን ላስገባ ሰው ከጥር ወደ ሐምሌ ይዛወር፤ ይህን አበዳሪዎችና ክልሎች በውላቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

አንድ የማይታለፍ ችግር አለ። ብዙ ማኅበራት መጋዘን አላቸው፣ ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ እህሉ ሊቀመጥ በሚገባበት ጊዜ፣ ማዳበሪያ ነው የሚሞላበት። ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የሚበላ እህልም ከኬሚካል ጋር አይቀመጥም። ስለዚህ ዩኒየኖች መጋዘኑን እስከ ጣሪያው በግንብ ይክፈሉት፣ ለእህሉ ክፍል የራሱ በርና ከጣሪያ ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ይሥሩለት፣ ወለሉ ላይ የእንጨት መደላድል ያንጥፉ። ሥራው ማዳበሪያው ተከፋፍሎ ባለቀበት፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ካላለቀ ለዘንድሮ መኸር አይደርስም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በእህል ክምችትና በገጠር ብድር የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር