ልጃገረዶቹን የሚያበርዳቸው የቀሚስ ማጠር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሐምሌ ሲገባ አንድ የቆየ ወቀሳ አብሮ ይገባል። በታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሬዲዮ የስልክ አስተያየት፣ በእናንተም የአንባቢያን ገጽ ሳይቀር ታላላቆቻችን ስለ ወጣት ሴቶች አለባበስ ያዝናሉ። «በዚህ ዶፍ እምብርት ተገልጦ? ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ? ምን ዓይነት ዘመን ነው!» ይላሉ። ልጆቹም ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያልፋሉ። እኛ በልብስ ስፌትና በጨርቅ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች የእናትየዋንም የልጅቱንም ልብስ በእጃችን ይዘን ስለምናይ ዝም ማለት አልሆነልንም። ታላላቆቹ «ብርድ አለ» ማለታቸው እውነት ነው። የሚቆጡት ግን ብርዱ በማይገባበት በኩል ነው።

ሰሞኑን ጎዳናውን የሞላውን ሰፊ ጂንስ ተመልከቱ። እግሩ ተረከዝን አልፎ መሬት ይጠርጋል። ገላን ስለሚሸፍን ማንም አዋቂ አይቆጣበትም፤ እንዲያውም «እሰይ፣ ይቺ እንኳ ደህና ለብሳለች» ይባልላታል። በክረምት ከዚህ የባሰ ልብስ ግን የለም። ጂንስ ጥጥ ነው፤ ወፍራሙ ጂንስ በአንድ ካሬ ሜትር ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል። ጠርዙ አንድ ጊዜ ኩሬ ከነካ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውኃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ልጅቱ ከሜክሲኮ ተነስታ ቦሌ እስክትደርስ እርጥበቱ ቁርጭምጭሚት አልፎ ባቷ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛና ከባድ ጨርቅ እግሯ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ማታ ቢሰቀልም በነሐሴ አየር በሁለት ቀን እንኳ ላይደርቅ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን የሻጋታ ሽታ ያመጣል። በአንጻሩ ከጉልበት በላይ የሆነ ቀሚስ በወፍራም ስቶኪንግና በአጭር ቦቲ የለበሰች ልጅ ስድብ ብትጠግብም እግሯ ደረቅ ነው። ስቶኪንጉ ግን ወፍራም መሆን አለበት። 15 ወይም 20 ዴኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት ለዓይን እንጂ ለብርድ አይሆንም፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያለውን፣ ወይም ውስጡ ፀጉራም የሆነውን ታይት መፈለግ ነው።

ሰፊው ጂንስ የግድ ይጣል አንልም፤ ያምራል፣ ልጆቹም ይወዱታል። እግሩን ማስተካከል ይበቃል። መጀመሪያ ታጥቦ ይድረቅ፤ አዲስ ጂንስ ሲታጠብ ከርዝመቱ በመቶ 3 ያህል ሊገባ ስለሚችል፣ ሳይታጠብ ያጠረ ሱሪ በኋላ ቁርጥ ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ ልጅቱ ክረምቱን የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቁም። ልኩ የሚያዘው በፊት ሳይሆን በተረከዝ በኩል ነው፤ ከመሬት 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ለቅምቅማቱ ሌላ 3 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይቆረጥና ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ። ለዚህ 16 ቁጥር መርፌ ያስፈልጋል፤ የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። መርፌ የሚሰበረው ሁልጊዜ የጎን ስፌቱ ጋ ነው፤ ጨርቁ እዚያ ተደራርቦ ይወፍራል። ያንን ቦታ በመዶሻ ቀጥቅጦ አሳስቶ፣ ፔዳሉን ትቶ መሽከርከሪያውን በእጅ እያዞሩ ማለፍ ነው። ሱሪዋ እንዲቆረጥ የማትፈልግ ልጅ ደግሞ እግሩን ወደ ውስጥ አጥፋ በእጅ ስፌት ታሲዘው፤ መስከረም ሲጠባ ትፈታዋለች።

እምብርትን በተመለከተ ደግሞ፣ ልጆቹ የሚለብሱት አጭር ካናቴራ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ወገቡ ከፍ ካለ ሱሪ ጋር ነው፤ ከላዩም ትልቅ ሁዲ ይደረባል። እጅ ሲነሳ ከሚታየው ሁለት ጣት ገላ በቀር የተራቆተ ነገር የለም። እናቶች «ወገብሽን ብርድ ይመታሻል፣ ኩላሊትሽን ያምሻል» ይላሉ። የኩላሊት ኢንፌክሽን የሚመጣው በባክቴሪያ እንጂ በወገብ መጋለጥ አይደለም፤ ልጆቹ ይህንን ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከዚያ ቀጥሎ የሚነገራቸውን እውነተኛ ምክርም አብረው ይጥሉታል። የሚያሳዝነን ይህ ነው።

ሰፊ ሁዲ መልበሳቸው በራሱ ትክክል ነው። ሙቀት የሚይዘው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁና በገላ መካከል የቆመው አየር ነው፤ ጋቢ በአራት ንብር የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን አየሩ እንዲቆም የሁዲው ታችና የእጁ አንጓ ላይ ያለው ላስቲክ መጨበጥ አለበት። ላስቲኩ የላላ ሁዲ በእያንዳንዱ እርምጃ የሞቀውን አየር አስወጥቶ ቀዝቃዛውን ያስገባል። ሁለተኛው ችግር ጥጥነቱ ነው። ከጥጥ የተሠራ ሁዲ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ካፊያ ሲጠግብ ግን ያው ልብስ ሙቀትን ከገላ የሚጠባ ይሆናል። ኮፍያው ቶሎ ይርስና አንገትና ትከሻ ላይ ውኃ ተሸክሞ ይቀመጣል።

ጨርቅን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጥጥ እንዲሁ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ብቻ ከክብደቱ በመቶ 8 ያህል ይይዛል፤ ፖሊስተር ከ1 በመቶ በታች፤ የበግ ፀጉር 16 ገደማ። የበግ ፀጉር ብዙ ይይዛል ማለት ግን ያበርዳል ማለት አይደለም። እርጥበቱን ክሩ ውስጥ አስገብቶ ስለሚይዘው፣ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ውኃ ተሸክሞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም፤ ሙቀቱንም አይለቅም።

እዚህ ላይ ታላላቆቻችን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር አለ። በመንዝ ደጋ፣ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ፣ ሰው ብርድን የተከላከለው በጥጥ አይደለም። ከአገሩ በግ ፀጉር በተፈተለ ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) ነው። ጋቢ የቤት፣ የምሽትና የደረቅ ብርድ ልብስ ነው፤ ዝናብ ላይ ሲወጣ ከሁዲው ባልተናነሰ ይጠጣል። «ጋቢ ደርቢ» የሚለውን ምክር ልጅቱ ፊቷን አጨማዳ የምትሰማው ጋቢን ስለናቀች ብቻ አይደለም፤ ጋቢ ለብሶ ዝናብ ውስጥ ታክሲ መጋፋት ስለማይቻል ነው። አያቷ ስለ በርኖስ ቢነግሯት፣ ለምን በርኖስ እንደሚሞቅ ቢያስረዷት ግን ትሰማለች። የሚገርመው፣ ልጆቹ በሰልባጅ ተራ እየመረጡ የሚያወጡት የሱፍ ሹራብና የሱፍ ካፖርት በርኖስ የተሠራበት ያው የበግ ፀጉር ነው። ምርጫቸው ትክክል ሆኖ ሳለ «አሮጌ ለባሽ» ተብለው ይሰደባሉ።

ሰልባጅ ውስጥ ሱፍን ከሰው ሠራሽ መለየት ቀላል ነው። ከውስጥ ስፌቱ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ተመዞ፣ ከልብሱ ርቆ በክብሪት ይለኮስ። የበግ ፀጉር እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠጣር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። የተገዛው ሱፍ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ተጨምቆ ሳይጠመዘዝ ይታጠብ። በሙቅ ውኃ ከታሸ ክሩ ተቆላልፎ ይጠብቅና የአዋቂ ሹራብ ለሕፃን ይሆናል፤ ያ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ብርዱም አንድ ዓይነት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል፤ ጠላቱ ውኃው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ንጋቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ደርሶ ቀትር ላይ 23 ይሆናል፤ ጠላቱ ውርጩና የቀኑ መለዋወጥ ነው። ለክረምቱ የሚበጀው ከገላ ላይ የማይረጥብ ቀጭን ልብስ፣ በላዩ የፖሊስተር ፍሊስ (ለስላሳ ፀጉራም ጨርቅ) ወይም የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ውኃ የሚያንሸራትት ስስ ጃኬት ነው። ጃኬቱ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ደህና ነው፣ ተሰራጭቶ ከጠቆረ ዝናብ አይችልም። ለታኅሣሥ ግን ጋቢም፣ ጥጥ ሁዲም፣ ያ ወፍራም የተነፋ ጃኬትም ይሠራሉ። ልጆቹ ከላይ ጃኬት ከሥር አጭር ካናቴራ ማድረጋቸው ለታኅሣሥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቀትር ላይ ጃኬቱን አውልቀው ይይዙታል። ጠዋት ያላያቸው ሰው በቀትር አይቶ «ራቁቷን ወጣች» ይላል።

ስለ ተነፋው ጃኬት ጥቂት እንጨምር፤ በብዛት ተበላሽቶ የሚመጣልን እሱ ነውና። በላዩ ላይ አግድም የተሰፋው መስመር ሁሉ የመርፌ ቀዳዳ አለው፤ ዝናቡ የሚገባው በዚያ ነው። መስመሮቹ የተራራቁበት ይሻላል። የላባ ሙሌት ያለው ለደረቅ ብርድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሲረጥብ ግን ላባው ይጣበቅና ባዶ ኪስ ይሆናል፤ ስለዚህ ለክረምት የፖሊስተር ሙሌት ይመረጣል። ሲታጠብ ዚፑ ተዘግቶ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና፤ አይጠመዘዝ። ጥላ ላይ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ በየጥቂት ሰዓቱ የተጓጎለው ሙሌት በጣት ይበተን። ሽቦ ላይ እንደረጠበ የተሰቀለ ጃኬት ሙሌቱ ወደ ታች ይወርድና ትከሻው ባዶ ይቀራል። ትከሻው ባዶ የሆነ ጃኬት ደግሞ ዋና ሥራውን አቁሟል።

ጫማው ላይ ከታላላቆቻችን ጋር ሙሉ በሙሉ እንስማማለን። የሸራ ስኒከርና በካልሲ የሚደረገው ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ጫማ ለክረምት አይሆኑም፤ ካልሲው ውኃውን ይዞ እግርን ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዛል፣ በጣቶች መካከልም ፈንገስ ይበቅላል። በቦርሳ ውስጥ አንድ ትርፍ ካልሲ መያዝ ከብዙ ልብስ ይጠቅማል። የረጠበ ጫማ ውስጡ በጋዜጣ ወረቀት ተሞልቶ፣ ወረቀቱ በየሰዓቱ እየተቀየረ፣ ነፋስ ባለበት ይድረቅ። እሳት ዳር ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የሶሉ ማጣበቂያም ይለቃል።

ከሰልን በተመለከተ ግን ነገሩ ከልብስም ከወግም በላይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደጃ አስገብቶ ልብስ ማድረቅ ይገድላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲጀምር ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ይተኛና አይነሳም። ልጆቻችሁ በኪራይ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ወላጆች በስልክ ስትደውሉ ስለ ቀሚሱ ርዝመት ከመጠየቃችሁ በፊት ልብሳቸውን በምን እንደሚያደርቁ ጠይቁ።

ጠቡ አዲስ አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ላይ ተማሪዎች ሚኒስከርትን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ረብሻው አይሎ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ያኔ ሚኒ የለበሱትም፣ የተቃወሙትም ዛሬ አያት ሆነዋል። የዚያ ጊዜው ክርክርም ስለ ርዝመት ነበር፤ ስለ ጨርቁ የተናገረ ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ይህን ነው። በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ የፋሽን ገጻችሁ ላይ የልብስ ፎቶ ስታወጡ ልብሱ ከምን ጨርቅ እንደተሠራና እንዴት እንደሚታጠብ ከሥሩ ጻፉ። የመርካቶ ነጋዴዎችም ከልብሱ አንገት ላይ የጨርቁን ዓይነት የሚናገረውን ምልክት እየቆረጡ መጣሉን እንዲተዉ በገጻችሁ አስታውሱልን፤ ያ ትንሽ ቁራጭ ከሌለ እናትም ልጅም የሚገዙት በቀለሙ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የልብስ ስፌት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ