ጉልበቴን ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

ተንበርክኬ ሴራሚክ ማንጠፍ እንደገና ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውስጤ አያርፍም።

ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዬን ያገኘሁት በጉልበቴ ነው። 46 ዓመት ሲሞላኝ ግን የቀኝ ጉልበቴ ደረጃ አላስወርድ፣ ሌሊት አላስተኛ አለኝ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ራጁን በጨረፍታ ተመልክቶ "ሙሉ መገጣጠሚያው ይቀየር" አለ። ተንበርክኬ መሥራቱስ? ብዬ ብጠይቀው "እሱን እርሳው" አለኝ። ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም።

እህቴ፣ "ሌላ ሐኪም ሳያይህ አትወስንም" ብለሽ እየጎተትሽ ስለወሰድሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ።

ዶክተር፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግን? ቆሜ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ራጅ እንድነሳ አዘዙ። መስመር አስምረው አሳዩኝ። እግሬ ከልጅነቴ ወልገድ ያለ ስለሆነ ክብደቴ የሚያርፈው በጉልበቴ ውስጠኛ ጎን ነው፤ የዚያ በኩል ልም አጥንት አልቋል፣ የውጭው ግን ደህና ነው። ቅልጥሜን ከጉልበቴ ዝቅ ብለው ቆረጡት፤ በአንድ ጎን እንደ ሽብልቅ ከፍተው እግሬን አቀኑና በብረት ፕሌትና በብሎን አሰሩት። ሸክሙ ወደ ደህናው ጎን ዞረ። ኦስቲዮቶሚ ይባላል። እኔ የገባኝ በውሃ ልክ ነው፤ ወለሉ ካዘመመ ሴራሚኩን ብቻ መቀየር ምን ይሠራል?

ደግሞ አልሸነገሉኝም። መገጣጠሚያው በሙሉ ላለቀበት ሰው መቀየሩ ትክክለኛ ሕክምና እንደሆነ፣ ለእኔም ከዓመታት በኋላ ሊያስፈልገኝ እንደሚችል፣ በዚህ ዕድሜ ከተቀየረ ግን አንድ ቀን እንደገና መቀየር ሊመጣ እንደሚችል ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

የእቁብ ወንድሞቼ፣ ገንዘቡ የተገኘው ከእናንተ ነው። በተለይ አንተ፣ እጣው ወጥቶልህ ሳለ "ለእሱ ይሁን" ያልከው። የራስህ ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ አውቃለሁ። አልረሳውም።

ባለቤቴ፣ ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም እንደሚያዘገይ ዶክተሩ ሲናገሩ ከሰማሽበት ቀን ጀምሮ ኪሴን አንቺ ነበርሽ የምትፈትሺው። በሁለት ክራንች ስድስት ሳምንት ስንፏቀቅ አንድ ቀን ፊትሽ አልጠቆረም። ፊዚዮቴራፒስቷም እህታችን፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ሳለቅስ አብረሽኝ ስለታገስሽ ዕድሜ ይስጥሽ።

አጥንቱ ገጥሞ ፕሌቱ የወጣልኝ ባለፈው ጥር ነው። እስከዚያ ድረስ ቆዳዬን ከስር እየጎረበጠኝ መንበርከክ አልቻልኩም ነበር።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ለረዳቴ ነው። ልጄ፣ ከዓመት በላይ ደንበኞቼን በስሜ ይዘህ ቆይተህ፣ ሒሳቡንም በየሳምንቱ ቤቴ ድረስ አምጥተህልኛል። ልትወስዳቸው ትችል ነበር። ሰኞ የምንጀምረው ቤት መታጠቢያ ክፍሉ የአንተ ነው፤ ልኩን ከመያዝ እስከ ፉጋው አንተ ትሠራዋለህ፣ ዋጋውም የአንተ ነው። እኔ ሳሎኑ ላይ ነኝ።