የደረጃው ነገር

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ጥርሷ ወለቀ። እዚህ ኮንዶሚኒየም የምትወረውርበት ጣሪያ ስለሌለ «ጎንደር ሄጄ አያቴ ጣሪያ ላይ ነው የምጥለው» ብላ በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች።

ስደውል «ትንሽ አንሸራተተኝ» አሉኝ። እህቴ ግን ከሱቁ ደረጃ ወድቀው ሰው ተሸክሞ እንዳወረደዎት ነገረችኝ። ለምን ደበቁኝ?

ሱቅዎ ያለበትን ያንን የጣሊያን ፎቅ ጠልቼው አይምሰልዎት። ፍቅሩን ያሳደሩብኝ እርስዎ ነዎት። ክብ ሆኖ የዞረውን ጥግ በእጄ አስዳስሰው «እንደ ኮት ትከሻ ነው ያዞሩት» ያሉኝን መቼም አልረሳውም። ጣሊያን በመጋቢት 1928 ጎንደር ገብቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 እጅ እስኪሰጥ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ፒያሳ እንዴት እንደተሠራች ልብስ ለሚለኩት ደንበኛ ሁሉ ይተርኩ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ፎቁ የቀበሌ ሆነ፣ እርስዎ ግን ከዚያች ክፍል ንቅንቅ አላሉም።

የጎንደርን ፕላን የነደፈው ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ስማር ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ለእርስዎ ልንገር ብዬ እየሮጥሁ ደወልሁ። «ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት። ለምረቃዬም «የሰው ሱፍ አለብኝ» ብለው ቀሩ። ፎቶው ላይ ከጎኔ የቆሙት እማማ ብቻ ናቸው። ለደንበኛ የሚሆን ጊዜ ነበረዎት፣ ለእኔ ግን አንድ ቀን ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ደረጃው የሚረጥበው አሸንዳው ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ስለሚወርድ ነው። አሸንዳውን ያስጠርጉ። በሲሚንቶ እንለስነው ካሉዎት እምቢ ይበሉ። የድሮው ልስን ኖራ ነው፤ ሲሚንቶ ከላዩ ከመጣበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ሁሉም ተያይዞ ይረግፋል።

ስለ ልስን የማወራው ሌላውን መጻፍ ስለፈራሁ ነው። እማማም «ትንሽ ነው» ብለውን ነበር። አባባ፣ እርስዎንም እንደዚያ እንዳላጣዎት ፈርቻለሁ።

ራጅ ተነሡ? የደም ግፊት ኪኒንዎን ሳያቋርጡ ይዋጡ። ሱቁን ይዝጉ አልልዎትም፣ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ስፌት መኪናውን ከወንድሜ ጋር ተሸክመን እናወርደዋለን፣ ታች በረንዳው ላይ ይሰፋሉ። እስከዚያ ቁልፉን ለእህቴ ይስጧት፣ ያንን ደረጃም አይውጡ።

ልጅዎ