የጊች ፀሐይና የስቱዲዮው መብራት

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የፋሲካ ሰሞን የላክህልኝን ፎቶ ተቀብዬ እስከ ኅዳር ድረስ አንድ ቃል ሳልመልስልህ በመቅረቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። «እውነት ይመስላል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «በጣም ያምራል» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ፎቶው ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝና ምን እንደሆነ ሳልለይ ልጽፍልህ አልወደድሁም፤ እንዲህ ሲባል ወራቱ አለፉ።

ሞዴሏ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው ስቱዲዮህ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያስገባኸው ደግሞ አብረን ሰሜን ተራሮች በወጣን ጊዜ፣ በጥቅምት ወር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጊች አፋፍ ያነሣኸው ገደል ነው። እስቲ እዚያ የቆሙትን ረጃጅም ተክሎች፣ ጅባራዎቹን ተመልከታቸው፤ ፀሐይ ከቀኝ ስለምትመጣ ጥላቸው ሁሉ ወደ ግራ ተጋድሟል። የሞዴሏ ፊት ግን የበራው ከግራ ነው፤ ከእግሯ ሥር የሠራህላትም ጥላ እንደ ቀትር ጥላ አጭር ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 25 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ስለነበር፣ 1.70 ሜትር ቁመት ያላት ሴት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም ጥላ ልትጥል ይገባ ነበር። የጥላውም ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ከሰማይ ላይ የፀሐይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ከጫማዋ አጠገብ ጥርት ብሎ የሚጀምረው ጥላ የራሷ ጥላ ከሚያርፍበት ሲደርስ ዳሩ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ይደበዝዛል።

እነዚህን ስሕተቶች አንተም እኔም ወዲያው አላየናቸውም። ተመራማሪዎቹ ሃኒ ፋሪድና ሜሪ ብራቮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የሰው ዓይን በፎቶ ውስጥ እርስ በርሱ የማይስማማ ጥላን ለመለየት ምን ያህል እንደሚቸገር አሳይተዋል። ስለዚህ እኔ ዓይኔን ብቻ ማመን ትቼ ማስመሪያ መያዝ ጀምሬአለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጅባራ ጫፍ ወደ ጥላው ጫፍ መስመር አሰምራለሁ። በአንዲት ፀሐይ የበሩ ከሆኑ መስመሮቹ ሲራዘሙ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፣ አለዚያም ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። ከሞዴሏ ራስ ወደ ጥላዋ ያሰመርሁት ግን ብቻውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ቀሚሱ ነው። ነጭ ሸማ በዙሪያው ያለውን ብርሃን ሁሉ ስለሚቀበል፣ የቆመበትን ቦታ ደብቆ አያውቅም። በገላጣ ሜዳ ላይ ፀሐይ ያላረፈበት እጥፋት ከሰማዩ ሰማያዊነት ይወስዳል፤ ወደ መሬት የዞረው ጠርዝ ደግሞ ከደረቀው ሣር ቢጫነት ይቀበላል። የአንተ ቀሚስ እጥፋቶች ግራጫ ናቸው፤ ያ የስቱዲዮህ ግድግዳ ቀለም ነው። ደግሞም ሶፍትቦክሱ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የስቱዲዮ መብራት) ከፊቷ 1.5 ሜትር፣ ከእግሯ 2.5 ሜትር ያህል ርቆ ከነበረ፣ እግሯ የሚያገኘው ብርሃን ፊቷ ከሚያገኘው ከአንድ ሦስተኛ ብዙም አይበልጥም፤ የቀሚሱ ጥለት ወደ ታች እየጨለመ የሄደውም ለዚህ ይመስለኛል። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ፀሐይ ግን ራስንም እግርንም እኩል ታበራለች። ይህን በፎቶሾፕ ላስተካክል ብትል ብዙ ሌሊት ትደክማለህ፤ የፊቷን ብርሃን ገልብጠህ ወደ ቀኝ ማዞርም የአፍንጫዋንና የአንገቷን ጥላ እንደገና መሣል ነው።

እኔ የምመክርህ ሞዴሏን እንደገና እንድታነሣት ነው፤ ጊዜውም ደርሷል። በታኅሣሥ አጋማሽ እናንተ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ከ27 ወይም ከ28 ዲግሪ በላይ አትወጣም፤ ይህም ጊች ላይ በጠዋት ካየናት ፀሐይ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ሰማዩ የጠራበትን ቀን ጠብቀህ፣ በረዶ በሌለበትና ሣሩ በደረቀበት ሜዳ ላይ፣ ጅባራዎቹ እንደበሩት ፀሐይዋን በቀኝ በኩል አድርገህ አቁማት፤ ካሜራህንም ያኔ በያዝህበት ከፍታ ያዘው። ጥላዋን ከነሣሩ ቆርጠህ ከእርሷ ጋር አምጣው እንጂ አዲስ አትሣል። ብርዱ ስለሚጸናባት በየመሃሉ ጋቢ ደርብላት፤ ቶሎም ጨርስ።

ያነሣኸውን ሳትነካካ እንዳለ ላክልኝ፤ መስመሮቹን እኔ አሰምራለሁ፤ በዚያው ዕለትም እመልስልሃለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ